ያገለገለ ሴስና 172 መግዛትና መያዝ፦ ሒሳቡ፣ ፍተሻውና ጥገናው

በአሜሪካ ገበያ በ1970ዎቹ የተሠራ፣ ሰነዱ የተሟላና የሚበር ሴስና 172 እንደ ሞተሩ ሁኔታና እንደ መሣሪያዎቹ ከ70,000 እስከ 110,000 ዶላር ይጠየቅበታል። ገዢ ሁሉ ዓይኑን የሚተክለው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ በዓመት ስንት ሰዓት ይበራሉ? መልሱ ከ100 ሰዓት በታች ከሆነ መከራየት ወይም በጋራ መግዛት ያዋጣል። «የራሴ ሲሆን ብዙ እበራለሁ» የማይል ገዢ የለም። ባለፉት 12 ወራት በራሪ ደብተርዎ ላይ የሰፈረው ሰዓት ግን ከዚህ ተስፋ ይልቅ ይታመናል።

172ን የመረጥነው በቂ ምክንያት ስላለ ነው። ከ1956 ጀምሮ ከ44,000 በላይ ተሠርቷል፤ የማያውቀው የአየር ማረፊያ ጋራዥ የለም፣ መለዋወጫው አይጠፋም፣ ኢንሹራንሶችም ሳያንገራግሩ ዋጋ ይሰጡበታል። ፈጣን አይደለም። በ110 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ክንፉ ከታች የሆነውን ፓይፐር ቼሮኪ የሚያስቡም ከዚህ በታች ያለውን ሒሳብ ብዙ ሳይለውጡ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ሒሳቡ

ወጪው ሁለት ነው፦ ቆሞም የሚበላውና ሲበር የሚበላው። ቁጥሮቹ ባለ160 የፈረስ ጉልበት 172 በምሥራቅ አሜሪካ ቢያዝ ብለን የወሰድናቸው የሥራ ግምቶች ናቸው፤ በራስዎ አየር ማረፊያ ዋጋ ይተኳቸው።

ቆሞ የሚበላው በዓመት፦
ሜዳ ላይ ታስሮ ማደሪያ (በወር 150) 1,800 ዶላር
ኢንሹራንስ 1,600
ዓመታዊ ምርመራ ከጥቃቅን ጥገናው ጋር 2,500
የካርታና የጂፒኤስ ዳታ 300
ላልታሰበ ብልሽት 2,000
ድምር 8,200

ሲበር የሚበላው በሰዓት፦
ነዳጅ 8.5 ጋሎን፣ ጋሎኑ በ6.50 ሒሳብ 55 ዶላር
ዘይትና ፊልትሮ 4
ለሞተር እድሳት ተቀማጭ 20
ጎማ፣ ፍሬን፣ ባትሪ፣ ማግኔቶ (ለካንዴላ ብልጭታ የሚሰጠው) 10
ድምር 89

አሁን ሰዓቱን ያስገቡበት። በዓመት 50 ሰዓት የሚበር ሰው በሰዓት 253 ዶላር ይወጣበታል። 100 ለሚበር 171፣ 150 ለሚበር 144 ዶላር ነው። ተመሳሳይ አውሮፕላን ከነነዳጁ በሰዓት 180 ዶላር የሚከራይ ከሆነ መግዛትና መከራየት የሚተካከሉት 90 ሰዓት ላይ ነው። ይህም ገንዘቡ ባይታሰር ኖሮ የሚያስገኘው ሳይቆጠር ነው። 85,000 ዶላር በ5 በመቶ ወለድ ቢቀመጥ በዓመት 4,250 ያመጣል፤ እሱ ሲጨመር መተካከያው ወደ 137 ሰዓት ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚዘለው የሞተሩን ተቀማጭ ነው። አምራቹ ላይካሚንግ ለኦ-320 ሞተር የሰጠው የእድሳት ጊዜ 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት ነው። ለግል በራሪ ይህ ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ቢሆንም ሞተሩ አንድ ቀን መውረዱ አይቀርም። ማሳደሻው 40,000 ዶላር ተብሎ ቢያዝ በሰዓት 20 ይደርሳል። ለራስዎ የሚጥሉት እቁብ ነው፤ ዕጣው የሚወጣበትን ቀን ግን የሚመርጠው ሞተሩ ነው። 1,500 ሰዓት የሠራ ሞተር ያለው አውሮፕላን ሲገዙ ከዚያ 40,000 ውስጥ 30,000ው ተበልቷል፤ ያ ገንዘብ ከዋጋው ላይ መቀነሱን ያረጋግጡ።

ግብሩም አለ። በቨርጂኒያ የአውሮፕላን ሽያጭ ግብር 2 በመቶ፣ በሜሪላንድ 6 በመቶ ነው፤ በ85,000 ዶላር ላይ 1,700 እና 5,100 ማለት ነው። ቨርጂኒያ ግን አውራጃዎቿ በየዓመቱ የንብረት ግብር ይጥላሉ፤ ልኩም ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ይለያያል። ማደሪያውን ከመምረጥ በፊት ይጠይቁ። ከዋጋው ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን ጥሬ ገንዘብም ሳይነኩ ያስቀምጡ፦ የመጀመሪያው ዓመታዊ ምርመራ የቀድሞው ባለቤት «ለከርሞ» ያለውን ሁሉ ያወጣዋል።

ከሕጉ የሚነካዎት

አውሮፕላን የሚመዘገበው ኦክላሆማ ሲቲ በሚገኘው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ የኤፍኤኤ፣ መዝገብ ነው። ክፍያው 5 ዶላር፣ ምዝገባውም 7 ዓመት ይጸናል። ግለሰብ በስሙ ለማስመዝገብ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው መሆን አለበት። በዲቪ የመጣ ሰው ይችላል፤ የሥራ ቪዛ ወይም ጊዜያዊ ከለላ ብቻ ያለው አይችልም። ገና በረራ ሊማሩ ያሰቡ ደግሞ ግሪን ካርድ ቢኖራቸውም ዜጋ እስካልሆኑ ድረስ ትምህርቱን ከመጀመራቸው በፊት ከትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ፣ ከቲኤስኤ፣ ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። ለግል በራሪነት ሕጉ ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። ሥራና ቤተሰብ ይዞ የሚማር አዋቂ ከ60 እስከ 75 አስቦ በጀት ቢይዝ አይቸገርም።

ከመፈረም በፊት

ትኬት ቆርጠው አውሮፕላኑን ለማየት አይሂዱ። መጀመሪያ የሰነዱን ቅጂ ያስልኩ፦ የአካሉን፣ የሞተሩንና የፕሮፔለሩን ሎግቡክ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ። የመኪና ሊብሬ ባለቤቱን ይነግራል፤ እነዚህ ደብተሮች ግን የአውሮፕላኑን ኑሮ ይናገራሉ። ደብተር ጠፍቷል ከተባለ ዋጋው በብዙ ሺህ መውረድ አለበት፤ አደጋም ሆነ የተደበቀ ጥገና የሚቀበረው በጠፋው ደብተር ውስጥ ነው።

በሁለት ዓመታዊ ምርመራዎች መካከል ሰዓት ቆጣሪው ስንት እንደጨመረ አንድ በአንድ ያስሉ። በዓመት 5 ወይም 6 ሰዓት ብቻ የጨመረባቸው ዓመታት ከተደራረቡ ይጠንቀቁ። በላይካሚንግ ሞተር ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የተቀመጠው ከክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) በላይ ነው፤ ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ይወርድና ብረቱ ቀስ በቀስ ይራቆታል። እርጥበት ሲይዘው ይዝጋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ የዛገው ገጽ እንደ ሞረድ ሆኖ ካሙንና የሚገፋቸውን ሊፍተሮች ይበላል። ስለዚህ ሻጭ «ከታደሰ 400 ሰዓት ብቻ» ሲል እድሳቱ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሠራ ይጠይቁ። በ1996 ታድሶ 400 ሰዓት ብቻ ከሠራ ሞተር ይልቅ በየዓመቱ 100 ሰዓት እየበረረ 1,400 የደረሰውን እንመርጣለን።

ቀጥሎ እዳና እገዳ ነው። ባንክ በአውሮፕላኑ ላይ ያስመዘገበው መያዣ ካለ ከአውሮፕላኑ ጋር ወደ እርስዎ ይሻገራል። ኦክላሆማ ሲቲ ያሉ የሰነድ አጣሪ ድርጅቶች መዝገቡን ይፈትሹልዎታል፤ ቀብዱንም በሦስተኛ ወገን ያስይዙ። ፍተሻው ካላስደሰተዎት ቀብዱ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስፈር። በቃል የተባለ ቀብድ ከደላላ እጅ አይወጣም።

ሦስተኛው የአየር ብቁነት መመሪያዎች መዝገብ ነው። ኤፍኤኤ ለእያንዳንዱ ሞዴል በየጊዜው የሚያወጣቸው አስገዳጅ ትእዛዞች ናቸው። በ172 ላይ ሊረሳ የማይገባው የመቀመጫ ሐዲድ ምርመራ ነው። የሐዲዱ ቀዳዳ ሲበላ መቆለፊያው ይንሸራተታል። አውሮፕላኑ አፍንጫውን አንስቶ ሲወጣ መቀመጫው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አብራሪውም ለመያዝ ብሎ መሪውን ይስባል፤ የሚከተለው ይታወቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መካኒክ ይላኩ፤ ይህን አውሮፕላን ጠግኖ የማያውቅ፣ የሻጩ ወዳጅ ያልሆነ። እንዲህ ብለው ይዘዙት፦

የአራቱን ሲሊንደሮች መጭመቂያ ሞተሩ ሞቆ ይለካ። የሚገባው ግፊት 80 ነው፤ 75/80 ጥሩ ነው፣ ከ60 በታች ከሆነ ወዴት እንደሚያፈስ ይታወቅ። በጭስ ማውጫው በኩል ከተሰማ ቫልቩ ነው፣ በዘይት መሙያው ከተሰማ ቀለበቶቹ ናቸው። ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፤ በካንዴላ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የጭስ ማውጫ ቫልቮችን ይመልከት። የዘይት ፊልትሮው ይቆረጥና ወረቀቱ ይዘርጋ፤ በማግኔት የሚነሳ ብናኝ ካለ ካሙን ይጠርጥሩ።

ሲያርፍ መሬቱን በኃይል የመታ 172 ምልክቱን ሞተሩን ከካቢኑ የሚለየው ላሜራ ላይ ይተዋል። የታችኛው ክፍሉ ከተጨማደደ ወይም አዲስ ሪቬት ከተመታበት የፊት ጎማው ሜዳ መትቷል፤ ፕሮፔለሩም አብሮ ነክቶ እንደሆነ በደብተሩ ይታይ። ፕሮፔለሩ መሬት የነካ ሞተር ተፈቶ መመርመር አለበት። በክንፉ ሥር ሰማያዊ ነጠብጣብ ከታየ ነዳጅ እያፈሰሰ ነው። ከባሕር ዳርቻ የመጣ ከሆነ ጅራቱና ክንፉ ውስጥ ነጭ ዱቄት የመሰለ የአልሙኒየም ዝገት ይፈለግ። አዲስ ቀለም አያማልልዎ፤ ቀለም ዝገት ይሸፍናል፣ መቆጣጠሪያ ክንፎቹ ከቀለም በኋላ ሚዛናቸው መረጋገጡም በደብተር መጻፍ አለበት።

ከ1977 እስከ 1980 የተሠራው 172 ኤን የሚጠቀመው ኦ-320-ኤች2ኤዲ ሞተር ለብቻው መታየት አለበት። ካሙና ሊፍተሮቹ ቶሎ በመበላት ስም አውጥተዋል፣ በመመሪያ የታዘዘ የዘይት ማከያም አለው። ሁለቱ ማግኔቶዎች በአንድ ቤት ውስጥ ሆነው በአንድ ዘንግ ይዞራሉ፤ ዘንጉ ከተሰበረ ሁለቱም ይቆማሉ። ዘወትር የሚበርና ዘይቱ በጊዜው የተቀየረ ከሆነ አንሸሸውም፤ ለዓመታት የቆመ ከሆነ ግን በርካሽም አይግዙት።

ከገዙ በኋላ

ዓመታዊው ምርመራ የአውሮፕላን ቦሎ ነው ቢባል ይቀላል፤ ነገር ግን መስመር ይዞ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። ወለሉ፣ መቀመጫው፣ የሞተር ሽፋኑ ተነስቶ ልዩ ፈቃድ ያለው መካኒክ ይፈርምበታል። ጊዜው ካለፈበት መብረር አይፈቀድም። ትራንስፖንደሩ (ለራዳር መልስ የሚሰጠው መሣሪያ) በየ24 ወሩ፣ የአደጋ ጊዜ ምልክት ሰጪው በየ12 ወሩ ይፈተሻል። ባለቤቱ ፈቃድ ባለው መካኒክ ሥር ሆኖ መቀመጫና ሽፋን ራሱ ቢፈታ የእጅ ዋጋው ይቀንሳል፣ አውሮፕላኑንም ያውቀዋል። መካኒኩን ግን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሁሉም አይወድም።

በራስዎ ፈቃድ ሊሠሩት ከሚችሉት አንዱ ዘይት መቀየር ነው። ፊልትሮ ካለው በየ50 ሰዓቱ፣ ወንፊት ብቻ ከሆነ በየ25 ሰዓቱ፣ ሰዓቱ ባይሞላም በየ4 ወሩ። ሞተሩን አሙቀው ያፍስሱ፤ ሲቀዘቅዝ ቆሻሻው ከታች ይቀራል። የአዲሱን ፊልትሮ ላስቲክ ቅባት ይቀቡ፣ በፊልትሮው ላይ በተጻፈው ልክ ያጥብቁ፣ እንዳይፈታ በሽቦ ይሰሩት። 8 ኳርት የሚይዝ ኦ-320 ሙሉ ሲሆን የላይኛውን ኳርት በመተንፈሻው ወደ ሆዱ ይተፋዋል፤ ከ6 እስከ 7 መያዝ ይሻላል። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ጥቂት ያሠሩት፣ ያጥፉት፣ ማፍሰሱን ይፈትሹ። ቀኑን፣ የሠሩትን፣ የሞተሩን ሰዓት፣ የፈቃድ ቁጥርዎንና ፊርማዎን በደብተሩ ያስፍሩ። ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል፣ ሲሸጡም ዋጋ ያስቀንሳል።

ለሞተሩ ከሁሉ የሚበጀው መብረር ነው። ላይካሚንግ የሚመክረው ከ30 ቀን ሳይበልጥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሰዓት፣ የዘይቱ ሙቀት ከ165 እስከ 200 ፋራናይት ደርሶ መብረርን ነው። «እንዳይዝግ» ብሎ ቆሞ እያለ አስነስቶ ማጥፋት ጉዳቱ ይብሳል። መሬት ላይ ዘይቱ ውኃውን እስኪያተን ድረስ አይሞቅም፤ ከቃጠሎው የመጣው እርጥበትና አሲድ እዚያው ይቀራል።

ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ከሁለቱ ክንፎችና ከሞተሩ ሥር ነዳጅ ቀድተው ይዩ። 100 ሎው ሌድ ነዳጅ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ውኃ ከሥሩ ይዘቅጣል፣ በመካከላቸውም መስመር ይታያል። የሚያታልለው ብርጭቆው በሙሉ ውኃ ሲሆን ነው፤ መስመር ስለሌለ ንጹሕ ይመስላል። ነጭ ነገር ከኋላው ይዘው ቀለሙን ያረጋግጡ፣ ያሽትቱት። ከዝናብ በኋላ ሁሌ ውኃ የሚገኝ ከሆነ ክንፉ ላይ ያለው የነዳጅ ክዳን ላስቲክ አርጅቷል፤ ትንሽ ገንዘብ ነው፣ ዛሬውኑ ይቀየር።

የ172 ማሞቂያ ከማርሚታው ዙሪያ የሞቀ አየር ወደ ካቢን ያስገባል። ማርሚታው ከተሰነጠቀ ጭሱ አብሮ ይገባል። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ምን እንደሚያደርግ ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ይመስላል። ይህን ጋዝ ሲያገኝ ቀለም የሚቀይረው ርካሽ ካርድ ቶሎ ይበላሻል። ድምፅ የሚያሰማ ኤሌክትሮኒክ መለኪያ ይግዙ። ከጮኸ ማሞቂያውን ዘግተው መስኮት ይክፈቱና በቅርብ ይረፉ።

አራት መቀመጫ ማለት አራት ሰው አይደለም

አንድ 172 ኤን ከራሱ ክብደት በላይ ሊሸከም የሚችለው 870 ፓውንድ ነው እንበል። 40 ጋሎን ነዳጅ 240 ፓውንድ ይመዝናል፤ ለሰውና ለሻንጣ 630 ይቀራል፣ 286 ኪሎ ማለት ነው። 80 ኪሎ የሚመዝኑ አራት አዋቂዎች 320 ኪሎ ናቸው። ሦስት ሰው ከሻንጣ ጋር ይሆናል፤ አራት ከሆኑ ነዳጁ ይቀነሳል። የእርስዎ አውሮፕላን ትክክለኛ ቁጥር በክብደት ወረቀቱ ላይ አለ፤ ከመግዛትዎ በፊት በቤተሰብዎ ኪሎ አስልተው ይዩት።

ከዋሽንግተን አካባቢ አትላንታ 475 ኖቲካል ማይል ያህል ነው። በ110 ኖት ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ 37 ጋሎን ገደማ ይበላል። በ40 ጋሎን ሕጉ ለቀን በረራ የሚጠይቀው የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ አይተርፍም፤ አንድ ቦታ ወርዶ መቅዳት ግድ ነው። ነፋሱ ከፊት ከሆነ ደግሞ ይብሳል። የመሣሪያ በረራ ፈቃድ (ደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር) የሌለው ሰው በክረምት ደመናና በበጋ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ብዙ ጉዞ እንደሚሰርዝ ይወቅ፤ ፈቃዱ ቢኖርም 172 በረዶ ማራገፊያ የለውም። ሰኞ ሥራ ገበታ ላይ መገኘት ያለበት ሰው የአየር መንገድ ትኬት ዋጋም በኪሱ ይኑር።

«ለሠርግ አትላንታ አድርሰን፣ እንከፍላለን» የሚል ዘመድ መምጣቱ አይቀርም። የግል በራሪ ከተሳፋሪ ጋር እኩል መካፈል የሚፈቀድለት የነዳጅ፣ የዘይት፣ የአየር ማረፊያና የኪራይ ወጪ ብቻ ነው፤ የራሱንም ድርሻ መክፈል አለበት። ኢንሹራንስና የሞተር እቁብ ውስጥ አይገቡም።

የዋሽንግተን ነዋሪ አንድ ተጨማሪ ነገር አለበት። ከሬገን አየር ማረፊያ በ30 ኖቲካል ማይል ዙሪያ ልዩ የበረራ ቀጠና ነው፤ ሊዝበርግ፣ ማናሰስና ጌትርስበርግ እዚያ ውስጥ ናቸው። እቅድ ማስመዝገብ፣ የተሰጠን ኮድ በትራንስፖንደሩ ማብራትና ከተቆጣጣሪው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል፤ በዓይን እይታ የሚበርም በ60 ማይል ውስጥ ለመብረር የኤፍኤኤን የኦንላይን ትምህርት መጨረስ አለበት።

ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ ደግሞ በአውሮፕላኑ መመሪያ መጽሐፍ ያለውን የመነሻ ርቀት ሰንጠረዥ በደንብ አንብቡ። የሴንቴኒያል ማረፊያ 5,885 ጫማ ላይ ነው፤ ሞተሩ በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ቦሌ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን አውሮፕላኑ ከ10,000 ጫማ በላይ እንዳለ ይሰማዋል። በዚያ ከፍታ 160 ፈረስ ከሙሉ ጭነት ጋር ለመነሳት በጣም ረጅም ሜዳ ይፈልጋል።

በጋራ መግዛት

ለብዙ ሰው ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። አራት ሰዎች ቢሆኑ 85,000ው 21,250 ይደርሳቸዋል፤ ቆሞ የሚበላው በነፍስ ወከፍ በወር 171 ዶላር ይሆናል። እያንዳንዱ 40 ሰዓት ቢበር በሰዓት 140 ዶላር ገደማ ይወጣዋል፤ አውሮፕላኑም በዓመት 160 ሰዓት ስለሚሠራ ካሙ አይዝግም። ኢንሹራንሱ ግን የሚተመነው ልምዱ ባነሰው አባል ልክ ስለሆነ ከመፈራረም በፊት በአራቱም ስም ዋጋ ይጠየቅ።

ከአባላቱ አንዱ ዜጋ ካልሆነ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) ለማቋቋም አይቸኩሉ። ኩባንያ አውሮፕላን የሚያስመዘግበው ድምፅ ከሚሰጠው ድርሻ ቢያንስ 75 በመቶው በዜጎች እጅ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንቱና ከአስተዳዳሪዎቹ ሁለት ሦስተኛው ዜጎች ሲሆኑ ነው። ግሪን ካርድ ያላቸው በግለሰብ የጋራ ባለቤትነት ቢመዘገቡ ይቀላል፤ ተጠያቂነቱን ለጠበቃ ያሳዩት።

ውሉ ላይ ጓደኛሞች ሊያነሱት የሚያፍሩት ሁሉ ይስፈር፦ አንዱ ሲወጣ ድርሻው በምን ተተምኖ በስንት ወር እንደሚከፈለው፣ ጉዳት ያደረሰ የኢንሹራንሱን የመጀመሪያ ወጪ ብቻውን እንደሚከፍል፣ የወር መዋጮ የዘገየበት ቁልፉን እንደሚመልስ፣ የሞተሩ እቁብ በተለየ የባንክ ሒሳብ እንደሚቀመጥ። በአውሮፕላኑ ውስጥ አንድ የብልሽት ደብተር ይኑር፤ ያየ ይጽፋል፣ ከአራቱ አንዱ «አይብረር» ብሎ ከፈረመ መካኒክ እስኪፈርም ድረስ ሌሎቹ ሦስቱ በድምፅ ብልጫ ሊያነሱት አይችሉም።